ባሕር የተሻገረ ፈረስ

የአይስላንድ ፈረሰኛ ለዓለም ሻምፒዮና ወደ ሌላው አውሮፓ ሲጓዝ ምርጥ ፈረሱን ይዞ የሚሄደው እንደማይመልሰው አውቆ ነው። ከደሴቲቱ የወጣ ፈረስ ተመልሶ አይገባም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ከሌላ አገር የመጣ ፈረስም አይገባም። ያገለገለ ኮርቻና ልጓም እንኳ ክልክል ነው። እገዳው ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው። የደሴቲቱ ፈረሶች ከሌላው ዓለም ተነጥለው ስለኖሩ ሌላ ቦታ የተለመዱ በርካታ በሽታዎችን ሰውነታቸው አያውቃቸውም፤ አንድ እንግዳ በሽታ ከገባ መንጋውን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ውድድሩ ሲያበቃ ፈረሱ እዚያው ይሸጥና ጌታው ብቻውን ይመለሳል።

ከውድድር ውጭም ብዙ የአይስላንድ ፈረሶች ለሽያጭ ወደ ጀርመን፣ ወደ ዴንማርክ፣ ወደ ስዊድን ይላካሉ። አጭርና ጠንካራ ናቸው፤ ጋማቸው ድርብ፣ ጠጉራቸው ወፍራም ነው፤ ብርድና ነፋስ አይበግራቸውም። ከአገራቸው ሲወጡ ቆዳቸው ንጹሕ ነው። በአዲሱ አገር የመጀመሪያው የሙቀት ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያልፋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ግን ፈረሱ አንገቱን ከአጥር፣ የጭራውን ሥር ከዛፍ ጋር ማሸት ይጀምራል። ቀን ያሻል፣ ሌሊትም ያሻል። ጋማው ይሳሳል፣ የጭራው ሥር ይመለጣል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ዝንብ ይወረዋል። ሲከፋ መጋለብ አይቻልም፤ ኮርቻ ሲነካው ይቁነጠነጣል፣ ግጦሹን ትቶ ይታከካል፣ ይከሳል። ብርዱ ሲመጣ ይሻለዋል። ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ይጀምረዋል፣ ብዙ ጊዜም ካለፈው ዓመት ይብሳል።

በስዊድን የሚኖሩ የአይስላንድ ፈረሶችን ያጠኑ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ውጤት ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው። ከአይስላንድ ከመጡት ፈረሶች ሩብ ያህሉ ታመው ተገኙ፤ እዚያው ስዊድን ከተወለዱት የዚያው ዝርያ ፈረሶች ግን የታመሙት ከመቶ ሰባት ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከደሴቲቱ ወደ ሦስቱ አገሮች የተላኩ 330 ፈረሶችን መረመረ። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ያሳክካቸዋል። ነፍሳት በበዙበት አካባቢ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩት መካከል ደግሞ ግማሽ ያህሉ ታመዋል። ዘሩ አንድ ነው፣ ደሙ አንድ ነው። ልዩነቱ የተወለዱበት ቦታ ነው።

የበሽታው ምክንያት ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ደም መጣጭ ትንኝ ናት፤ ሊቃውንት ኩሊኮይደስ ይሏታል። ለእንቁላሏ ደም የምትፈልገው ሴቷ ብቻ ናት። ስትነክስ ደሙ እንዳይረጋ ምራቋን ትለቃለች፤ የፈረሱ ሰውነት የሚቆጣው በምራቋ ውስጥ ላሉት ፕሮቲኖች ነው። ይህን በሽታ የሚቀሰቅሱት የትንኝ ዓይነቶች አይስላንድ ውስጥ አይኖሩም። በአህጉሩ ላይ የተወለደ ውርንጭላ ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይነከሳል፤ ሰውነቱ ገና ወዳጅና ጠላት በሚለይበት ዕድሜ ምራቁን ይተዋወቀውና አብዛኛውን ጊዜ ይታገሠዋል። ጎልምሶ የመጣው ፈረስ ያ ዕድል አልፎታል። በጉልምስናው የተነከሰው ሰውነት የትንኟን ምራቅ እንደ ወራሪ ጠላት ይቆጥረዋል። የዘር ተጋላጭነትም አለበት፤ ሁሉም ተሻጋሪ ፈረስ አይታመምምና።

ስለ ፈረስ አለርጂ መጻፍ የፈለግሁት ይህን ታሪክ ይዤ ነው። አለርጂ በፈረሱ ገላ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ ገላውና የሚኖርበት ቦታ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ መርፌ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው። ሌላው ግማሽ ጋጣውን፣ ድርቆሹን፣ የግጦሽ ሰዓቱን፣ ረግረጉን ማየት ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ በየዕለቱ ከፈረሱ ጋር የሚውለው ሰው ነው።

በቆዳው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከቆዳ ሥር ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሶች አሉ፤ ሂስታሚንና ሌሎች ኃይለኛ ኬሚካሎችን ሞልተው ይጠብቃሉ። ሰውነት አንድን ነገር ጠላት ብሎ ከፈረጀው አይጂኢ የሚባል ፀረ-አካል ያመርትና በነዚህ ሕዋሶች ላይ ይተክላል። ያ ነገር ዳግመኛ ሲመጣ ሕዋሶቹ የያዙትን በአንዴ ይለቁታል። ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ቆዳው ጉብ ጉብ ይላል። ሳማ የለበለበው ሰው ክንዱ ላይ የሚያየው ዓይነት እብጠት የፈረሱን አንገት፣ ደረትና ጎን ይሞላዋል። አንዳንዱ የአተር ፍሬ ያህላል፣ አንዳንዱ ከእጅ መዳፍ ይሰፋል፣ አንዳንዱ ቀለበት ሠርቶ መሐሉ ይጎደጉዳል። ከቤት እንስሳት መካከል እንዲህ ያለ እብጠት ከሚበዛባቸው አንዱ ፈረስ ነው። የትንኟ ማሳከክ ግን በዚህ ፈጣን መንገድ ብቻ አይሄድም፤ ሌሎች የሰውነት ተከላካይ ሕዋሶች ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ ወደ ቆዳው ይጎርፉና ብግነቱን ያራዝሙታል። ለዚህ ነው ትንኟ ከሄደች በኋላም ፈረሱ መታከኩን የማያቆመው።

እብጠቱ የአለርጂ መሆኑን ለመጠርጠር ሁለት ቀላል ነገሮች ይረዳሉ። አንደኛው በጣት መጫን ነው። የአለርጂ እብጠት በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ሲጫኑት ይጎደጉዳል፤ ጣት ሲነሣ የጣቱ ምልክት ለጥቂት ጊዜ ይቀራል። ሁለተኛው ጊዜን መመልከት ነው። እያንዳንዱ እብጠት ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል፤ አዲስ ቢወጣ እንኳ ሌላ ቦታ ነው። አንዱን እብጠት በቀለም ከብቦ በማግሥቱ መመልከት ወጪ የለውም፣ ለሐኪሙም ትልቅ መረጃ ነው። ቦታውን ያልለቀቀ፣ የጠነከረ፣ ያመረቀዘ ወይም ጠጉሩ የረገፈበት እብጠት ከሆነ ሌላ በሽታ ይፈለጋል።

እብጠቱ ብቻውን ከሆነና ፈረሱ ከበላ፣ ከጠጣ፣ ትንፋሹም ደህና ከሆነ ለማሰብ ጊዜ አለ። ብዙ ፈረስ ያለ ምንም መድኃኒት ይሻለዋል። የማያስጠብቅ ነገር ግን አለ። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው፤ እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ በአፉ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ የአፍንጫው ቀዳዳ፣ ከንፈሩና አንገቱ ካበጡ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ካፏጨ፣ ከተንገዳገደ፣ ነገ እናየዋለን አይባልም። ይህ ሙሉ ሰውነትን የሚያጠቃ የአለርጂ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል፤ የሚያድነው ሐኪም በፍጥነት የሚሰጠው አድሬናሊን ነው። መርፌ ከተወጋ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲህ የሚሆን ፈረስ አለ፤ ፔኒሲሊን በዚህ የታወቀ ነው። የትኛው መድኃኒት መቼ እንደተሰጠው ጽፎ ማስቀመጥ የፈረሱን ሕይወት ያተርፋል፤ ፈረሱ ሲሸጥም ወረቀቱ ለገዢው መተላለፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሕይወቱ አደጋ ላይ ካልሆነ ፍለጋው ይጀመራል። ባለፉት ሁለት ቀናት ምን ተለወጠ? አዲስ ድርቆሽ መጣ? ገብሱ ሻገተ? ክትባት ወይም የትል መድኃኒት ተሰጠው? አዲስ ሳሙና፣ ፀረ-ተባይ፣ የቆዳ ቅባት ነካው? እብጠቱ የወጣው ግላሱና መቀነቻው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ነው ወይስ መላ ሰውነቱን ነው? በአንዳንድ ፈረስ ላይ የገመድ ጫና፣ ብርድ ወይም የሥራ ሙቀት ብቻውን እብጠት ያወጣል። የአበባ ብናኝ፣ የሻጋታ ዘር፣ የአቧራ ነፍሳት በወቅት የሚመላለስ ወይም ዓመት ሙሉ የሚዘልቅ ችግር ያመጣሉ። ስድስትና ስምንት ሳምንት እየወጣ እየገባ የቆየ እብጠት ሥር የሰደደ ይባላል፤ የዚህን መነሻ ማግኘት ከባድ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። ቢሆንም ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የተበላውንና እብጠቱ የወጣበትን ቦታ የሚመዘግብ አንድ ደብተር ከብዙ ውድ ምርመራ ይልቅ ይናገራል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ቢታከልበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሐኪሙ ሲደርስ እብጠቱ ጠፍቶ ይገኛልና።

መኖን ብዙ ሰው ቀድሞ ይጠረጥራል፤ በእውነቱ ግን ፈረስ ላይ የመኖ አለርጂ ከነፍሳትና ከአቧራ አለርጂ ያነሰ ነው። መኖን ለመፈተሽ አስተማማኙ መንገድ አንድ ነው። ፈረሱ ለአራት ሳምንትና ከዚያ በላይ አንድ ዓይነት ንጹሕ ድርቆሽ ብቻ ይበላል። ከተሻለው የተቋረጡት አንድ በአንድ፣ በየመካከላቸው ቀናት እየተተዉ ይመለሳሉ፤ ገብሱ ለብቻው፣ ፉርሽካው ለብቻው። እብጠቱ የተመለሰበት መኖ ተለየ ማለት ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ለውጦ በአንድ ቀን መመለስ ምንም አያስተምርም። የደም ምርመራ አለ፤ ነገር ግን ጤነኛ ፈረስም በደሙ ውስጥ ፀረ-አካሉ ሊገኝ ስለሚችል ውጤቱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ጥቃቅን የአለርጂ ናሙናዎችን ቆዳ ውስጥ ወግቶ ማየት የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ ውጤቱ ግን ከደብተሩ ጋር ተያይዞ ካልተነበበ ያሳስታል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ኮርቲኮስቴሮይድ፣ በተለይ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን፣ እብጠትንም ማሳከክንም በፍጥነት ያበርዳል። ፈጣን በመሆኑ ይወደዳል፤ በዚያው ልክ አላግባብ ይበዛል። ስቴሮይድ የሰውነትን ቁጣ ያፍናል፣ ቁጣውን ያስነሣውን አያስወግድም። በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የሰውነትን ኢንፌክሽን የመከላከል አቅም ያዳክማል። በፈረስ ላይ ደግሞ ላሚናይተስ የሚባለውን የሰኮና ውስጥ ብግነት ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህ የገጠመው ፈረስ መቆም ያቅተዋል፣ አንዳንዱ አይድንም። ከመጠን በላይ የወፈረ፣ ያረጀ ወይም ቀድሞ ላሚናይተስ የነካው ፈረስ ስጋቱ ይበልጣል። ስለዚህ ሐኪሙ በሚያዝዘው ትንሹ መጠን፣ ለአጭሩ ጊዜ፣ እየተቀነሰ ነው የሚሰጠው። አንድ ነገር በተለይ መታወቅ አለበት፦ በስም የሚመሳሰለው የፕሬድኒሶን እንክብል ፈረስ ሆድ ውስጥ በደንብ አይመጠጥም፤ በአፍ ከሆነ የሚረዳው ፕሬድኒሶሎን ነው። የሰው ፋርማሲ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ።

እንደ ሴቲሪዚንና ሃይድሮክሲዚን ያሉ የሂስታሚን መከላከያዎች ለአንዱ ፈረስ ይረዳሉ፣ ለሌላው አይረዱም። ሂስታሚን ከፈሰሰ በኋላ ከሚሰጡ አስቀድመው ቢሰጡ ይሻላል። ስቴሮይድም የሂስታሚን መከላከያም የቆዳ ምርመራን ስለሚያዛቡ ምርመራው ከታሰበ ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ አስቀድመው መቆም አለባቸው። ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ቀላል ነገር ቢመስልም ለሚያሳክክ ቆዳ እውነተኛ እፎይታ ነው።

ትንኟን የመከላከል ሥራ ከመድኃኒቱ ይልቅ ፍሬ ያፈራል፤ ጠባይዋን ላወቀ ሰው ደካማ ናትና። በደንብ መብረር አትችልም፤ መጠነኛ ነፋስ ይበትናታል። የምትወጣው በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በእርጥብ ጭቃ፣ በፍግና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው። እንግዲህ ፈረሱ በነዚያ ሰዓታት ጋጣ ይግባ። ጋጣው ውስጥ ነፋስ የሚሰጥ ማራገቢያ ይሰቀል፤ መስኮቱ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው መረብ ይሸፈን፤ ለወባ ትንኝ የተሠራው ተራ አጎበር ቀዳዳው ይህቺን ያሳልፋታል። ግጦሹ ከረግረግ ራቅ ብሎ ነፋስ በሚነካው ኮረብታ ላይ ይሁን። የውኃ ገንዳው አካባቢ ጭቃ እንዳይሆን ድንጋይ ይነጠፍ፣ ፍጉ ከጋጣው ይራቅ። በአውሮፓ ከአንገት እስከ ጭራ፣ ሆድ ሳይቀር የሚሸፍን ቀጭን የፈረስ ልብስ ይሸጣል፤ ማሳከኩ ከመጀመሩ በፊት ከለበሰው ብዙ ፈረስ የሙቀቱን ወራት በደህና ያሳልፋል። ፐርሜትሪን ያለባቸው ፀረ-ነፍሳት ፈሳሾችም ይረዳሉ፤ ለድመት ግን መርዝ ስለሆኑ ጋጣ ውስጥ ድመት ያለው ሰው ይጠንቀቅ። ከሁሉም በላይ ሰዓቱን መቅደም ነው። ቆዳው ከቆሰለ በኋላ የሚጀመር ጥበቃ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

የአቧራና የብናኝ አለርጂ ላለበት ፈረስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ያስቆጣው ነገር በቆዳ ምርመራ ከተለየ በኋላ በጣም በጥቂቱ ተመጥኖ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ በመርፌ ይሰጠዋል፤ ሰውነቱ እንዲለምደው። ለውጡ ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዴ ዓመት። ከበርካታ ፈረሶች የስቴሮይድ ጥገኝነትን አንሥቷል። ለትንኟ አለርጂ ደግሞ የስዊዘርላንድና የአይስላንድ ተመራማሪዎች ፈረሱ ከደሴቲቱ ከመውጣቱ በፊት ሊሰጠው የሚችል ክትባት ለመሥራት ለዓመታት አብረው ደክመዋል። በዙሪክ ያለ ሌላ ቡድን በተለየ መንገድ ሄዶ ብግነቱን የሚያባብሰውን ኢንተርሉኪን-5 የተባለ የሰውነት መልእክተኛ የሚያከሽፍ ክትባት በአይስላንድ ፈረሶች ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ማሳከኩና ቁስሉ እንደቀነሰ አሳትሟል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፈረስ ያለው አንባቢ ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። በአገራችን የሚያሳክከው ፈረስ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በእከክ፣ በቅማል፣ በጭርትና በመዥገር ነው፤ አለርጂ የሚባለው እነዚህ አለመኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። እብጠትም ቢሆን አለርጂ ሳይሆን የሚያሳስት አለ። የዱሪን በሽታ በአርሲና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች ይገኛል። የሚተላለፈው ድንጉላና ባዝራ ሲገናኙ ነው፤ በቆዳ ላይ የሚያወጣው ክብ፣ ጠፍጣፋ እብጠት የአለርጂን ይመስላል፣ እንደ አለርጂም ወጥቶ ይጠፋል። እንዲህ ያለ እብጠት ያለበት ፈረስ ብልቱ ካበጠ፣ እየከሳ ከሄደ፣ የኋላ እግሩ ከደከመ ለማዳቀል መቅረብ የለበትም። ወርና ሁለት ወር ተጠብቆ ይታይ ማለት በሽታውን ለመንደሩ ባዝራዎች ሁሉ ማከፋፈል ነው።

ሞቃትና እርጥበታማ በሆኑ ከተሞች የሚሠሩ የጋሪ ፈረሶችን የሚያሠቃየው የፈንገስ በሽታም፣ ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባለው፣ በጉብጉብታ ይጀምራል። ጉብጉብታዎቹ በጣት ሲጫኑ አይጎደጉዱም፤ በመስመር ተደርድረው ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ መግል ያወጣሉ። ቁስል በነካ የፈረስ ዕቃና በዝንብ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለዚህ ስቴሮይድ መስጠት የፈረሱን መከላከያ አፍርሶ ለፈንገሱ መንገድ መጥረግ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ሐኪም ዘንድ «አለርጂ ነው» ተብሎ በተመሳሳይ መርፌ የሚሸኝ የጋሪ ፈረስ ማየት ያሳዝነኛል፤ ፈረሱ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነውና።

ሦስተኛው ከሁሉ ፈጣኑ ነው። ያችው የኩሊኮይደስ ወገን ትንኝ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ ታስተላልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው ወረርሽኝ ከአፍሪካ ወጥቶ በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ ከ300,000 በላይ የጋማ ከብት ፈጅቷል። በእኛ አገር በሽታው ነባር ነው፤ በዝናብ ወቅት ማብቂያ አካባቢ ትንኟ ስትበዛ ይበረታል። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ጉዳዩ የቆዳ ጉዳይ አይደለም። ወዲያው ሐኪም ይጠራ፣ ሌሎቹ ፈረሶች ማታ ማታ ጋጣ ይደሩ። መከላከያ ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ የሚወጋውም ትንኟ ከመብዛቷ በፊት ነው።